ቤት ሳይደርቅ በእርጥቡ ይታያል
ከሀዋሳ የቤት ገበያ ለገዢም ለደላላም የሚሆን ትምህርት

ገንዘቡን በክልል ከተማ ቤት ላይ ማዋል ለአዲስ አበባ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱና ሀዋሳ የብዙዎችን ዓይን ከሳቡ ቆይተዋል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ይመለሳል። ቤቱን ያያል፣ ካርታውን ያገላብጣል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ቀብድ ይከፍላል። ለጉዞው የሚመርጠውም መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለበትን የበጋ ወራት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። በጥር የታየው ቤት በነሐሴ ከሚኖርበት ቤት ይለያል። በመስከረም የሚጠራው ኪራይም በዓመቱ መጨረሻ ከሚቆጠረው ገንዘብ ጋር አይገጥምም። ይህ ልዩነት በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሚሆን በሀዋሳ ምሳሌነት እንመለከታለን።

ከተማዋና ተከራዮቿ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቆረቆረች በመሆኗ ከአገራችን ትልልቅ ከተሞች መካከል ወጣት ናት። ለብዙ ዓመታት የደቡብ ክልል መዲና ነበረች። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ።

ከእነዚህም የተነሣ ከተማዋ አራት ዓይነት ቤት ፈላጊ አላት። እነሱም የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተያያዘው ተማሪና መምህር፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና ለበዓል ወይም ለዕረፍት የሚመጣው እንግዳ ናቸው። እያንዳንዳቸው የሚመጡበትና የሚሄዱበት ወቅት የተለያየ ነው። ኪራይን የሚያወጣውና የሚያወርደው ይህ ነው።

በጋና ክረምት በአንድ ግቢ

በበጋ የሀዋሳ ኑሮ ደጅ ነው። ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ፣ ወጡ የሚሠራው በጓሮ ማድ ቤት፣ ልብሱም በግማሽ ቀን የሚደርቀው በግቢው ገመድ ላይ ነው። አቧራው ያስቸግር እንደሆነ እንጂ ጠባብ ክፍል እንኳ ጠባብነቱ አይታወቅም። ገዢው የሚያየው ይህን ቤት ነው።

ዝናቡ ግን በሀዋሳ ከመጋቢት ጀምሮ በበልግ ይገባል፤ ክረምቱ ይከተላል፤ እስከ መስከረምም ይዘልቃል። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቤቱ ከውኃ ጋር ይታገላል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆች ቤት ይውላሉ። ማብሰሉም ማጠቡም ወደ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ የሚያፈስ ጣሪያ፣ እርጥበት የሚስብ ግድግዳና የሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ ራሳቸውን ይገልጣሉ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የወባ ትንኝ ይበረታል፤ ውኃ የሚያቁር ግቢ ለዚህ የተመቸ ነው። በክረምት የተማረረ ተከራይ መስከረም ሲጠባ ዕቃውን ይጭናል።

የሀዋሳ ውኃ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ከሐይቁ ነው። ሐይቁ እንደ ጥቁር ውኃ ያለ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም። ስለዚህ መጠኑ እንደ ዘመኑ ዝናብ ከፍና ዝቅ ይላል። በ1991 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ከፍ ብሎ ዳርቻውን አስጨንቆ ነበር። ዛሬ መንሸራሸሪያ የሆነው በዳርቻው ያለው ግድብም ከተማዋን ከውኃው ለመከላከል የተሠራ ነው። በሐይቁ አቅራቢያ የከርሰ ምድር ውኃ ጥልቅ ስላልሆነ፣ በበጋ ባዶ የሚመስል ጉድጓድ በክረምት ቶሎ ይሞላል። ሁለተኛው ከታቦርና ከአላሙራ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ነው። ከሐይቁ ራቅ ብዬ ገዛሁ ብሎ የሚጽናና ሰው ከተራራው ግርጌ መሆን አለመሆኑን ካላጣራ ከአንዱ ሸሽቶ ለሌላው ይጋለጣል።

የኪራይ ወራት

በገበያው የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። መስከረምና ጥቅምት ትምህርት የሚከፈትበት፣ የተዛወረ ሠራተኛ የሚገባበት ጊዜ ስለሆነ ክፍል ይፈለጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር የሲዳማና የጌዴኦ ቡና የሚለቀምበትና የሚሸጥበት ነው። ገንዘብ ወደ ከተማ ይገባል፣ ግንባታም ይጀመራል፤ ስለዚህ የሽያጭ ዋጋ ይሞቃል። በሐምሌና በነሐሴ ተማሪው ይሄዳል፣ ግንበኛው ሥራ ይቀንሳል፣ ደላላውም ስልክ ይጠብቃል።

ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲከበር ምእመናን ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውና በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፊቼ ጨምበላላም ብዙ ሰው ያሰባስባል። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚመለከቱ አዋቂዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በእነዚህ ቀናት አልጋ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ይህ የጥቂት ሌሊት ገበያ ነው። ሻጭ የበዓል ሰሞን ዋጋን በ12 ወር አባዝቶ ቢያቀርብ ገዢ ሊቀበለው አይገባም።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል ስድስት ክፍል ሰርቪስ ያለው ግቢ በ4,800,000 ብር ቀረበ እንበል። ደላላው እያንዳንዱ ክፍል በወር 4,000 ብር ያስገባል ይላል። ይህ በወር 24,000፣ በዓመት 288,000 ብር ነው። ከዋጋው ሲሰላ 6 በመቶ ይሆናል።

አሁን ክረምቱን እናስገባ። ሁለት ክፍሎች ለሦስት ወር ባዶ ቢውሉ 24,000 ብር ይጎድላል። ለጣሪያ፣ ለቀለምና ጉድጓድ ለማስመጠጥ 30,000 ብር ይውጣ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ስለሚኖር ኪራይ ለሚሰበስብለትና ግቢውን ለሚጠብቅለት ሰው በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ብር ይክፈል። ድምሩ 72,000 ብር ነው። የሚተርፈው 216,000 ብር ሲሆን፣ ይህም ግብር ሳይነሳለት 4.5 በመቶ ነው። ገዢው የፈለገው 6 በመቶ ከነበረ፣ ለዚህ ግቢ ሊከፍል የሚገባው 3,600,000 ብር ብቻ ነው። በበጋና በዓመቱ ሒሳብ መካከል ያለው ልዩነት 1,200,000 ብር ሆነ ማለት ነው።

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉ ይታወሳል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር 6 በመቶም ቢሆን የሚያስጎመጅ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው የዋጋ ዕድገት ተስፋን ነው። ተስፋው ደግሞ በማን ላይ እንደቆመ መታወቅ አለበት።

በአንድ ምሰሶ የቆመ ኪራይ

የኢንዱስትሪ ፓርኩ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታቅዶ ሲከፈት በአካባቢው ክፍል መደርደር ሥራ ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ1,000 ብር በታች ነበር። ስለዚህ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራዩ ነበር። ሠራተኛው ብዙ ቢሆንም የመክፈል አቅሙ ውሱን ነበር። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኢትዮጵያ የአሜሪካን የአጎዋ ዕድል ስታጣ ፓርኩ ተጎዳ፤ ከፓርኩ ደመወዝ ጋር የተሳሰረው ኪራይም አብሮ ተናጋ።

ሁለተኛው ምሳሌ የመንግሥት ቢሮ ነው። የደቡብ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲያከትም አዲሶቹ ክልሎች መቀመጫቸውን በወላይታ ሶዶ፣ በሆሳዕናና በሌሎች ከተሞች አደረጉ። በሀዋሳ የከሰመው የክልል ቢሮ በእነዚህ ከተሞች አዲስ ተከራይ ፈጠረ። ከዚህ የምንማረው ከአራቱ ፈላጊዎች ቢያንስ ለሁለቱ የሚሆን ቤት ለአንዱ ብቻ ተብሎ ከተሠራው እንደሚሻል ነው።

ገዢ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ቤቱን ሁለት ጊዜ ይመልከት። አንዱ ጉብኝት በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ከዝናብ በኋላ ይሁን። ይህ ካልተቻለ በግድግዳው ላይ የውኃ ምልክት ይፈልግ፤ ጎረቤትን ይጠይቅ። ሊታይ ይችል የነበረን ጉድለት ከውል በኋላ በሻጭ ላይ መጣል ይከብዳልና።

ሁለተኛ፣ የአንድ ወር ሳይሆን የ12 ወር ኪራይ ይጠይቅ። ሻጩ የኪራይ ውሎቹንና ደረሰኞቹን ያሳይ። ማሳየት ካልፈለገ ሒሳቡን በዝቅተኛው ወር ይሥራ።

ሦስተኛ፣ የኪራይ ሕጉን ይወቅ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ይሆናል። ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ «መስከረም ሲመጣ እጨምራለሁ» ብሎ ማቀድ አያዋጣም።

አራተኛ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገዛው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። ይዞታው ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ዕዳና የቀረው ዘመን ይጣራ። ሽያጩ በጽሑፍ ይሁን፤ ውልና ማስረጃ ፊት ይጽደቅ። በደላላ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ባለቤት አያደርግም።

ለደላሎችም አንድ ቃል አለን። የቤቱን የክረምት ጉድለት አስቀድሞ የሚናገር ደላላ አንድ ሽያጭ ሊያመልጠው ይችላል። ይሁን እንጂ ደንበኛው ሁለተኛውን ቤት ሲገዛ የሚደውለው ለእሱ ነው። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት የቤት ጉድለትም የሚታየው ግድግዳው ሳይደርቅ፣ የሚታረመውም ቀብዱ ሳይከፈል ነው።