የልፋት ዕዳ፦ ከመጠን ያለፈ ድካም የሚያስከትለው ዘላቂ ጉዳትና ማገገሚያው

በዘመሮና በአካባቢዋ ባለው የመንዝ ደጋ የሰው ጉልበት ዛሬም የኑሮ ዋና ምሰሶ ነው። ገብሱ በእጅ ይታጨዳል፤ ውኃውና ማገዶው በጀርባ ይጓጓዛል፤ ተማሪውም ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት ይደርሳል። በዚያ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ ልብና ሳንባ ለአንድ ዓይነት ሥራ የበለጠ ይተጋሉ። ለመሆኑ ሰውነት ይህን ሁሉ የሚችለው እስከ ምን ድረስ ነው? ከልኩ ሲያልፍስ ምን ይደርስበታል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን።

ብርታት የሚገነባው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን ጡንቻና አጥንት የሚጠነክሩት በሥራው ሰዓት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከባድ ሥራ በጡንቻ ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል፤ ግላይኮጅን የተባለውን የጡንቻ ስንቅም ያሟጥጣል። ጉዳቱ የሚጠገነውና ስንቁ የሚተካው በዕረፍት፣ በእንቅልፍና በምግብ ነው። ስንቁን ለመተካት ብቻ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል።

አጥንትም ሕያው አካል ነው፤ ጫና ሲደርስበት ራሱን ያድሳል። ሆኖም የላላ የድንጋይ ካብ ሲጠገን ድንጋዩ አስቀድሞ ተነቅሎ ኋላ እንደሚደረደር ሁሉ፣ አጥንትም አሮጌውን ክፍል መጀመሪያ ያፈርሳል፤ አዲሱን ገንብቶ የሚጨርሰው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ጫናው ካልቀነሰ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጅማት ደግሞ የደም ሥር ስለሚያንሰው ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ይድናል።

ዕዳው ሲጠራቀም

ዕረፍት የተነፈገ ሰውነት ምልክት ይሰጣል። እንቅልፍ ይረበሻል፤ ድካሙ አድሮም አይለቅም፤ ብስጭትና ጉንፋን ይደጋገማሉ፤ በሴቶች የወር አበባ ሊቋረጥ ይችላል። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በገጠር እናቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሰውሮ ይኖራል። ተደጋጋሚ ወሊድና ከባድ ሸክም ማኅፀንን ደግፈው የያዙትን ጡንቻዎችና ጅማቶች ያላላሉ፤ በዚህም ማኅፀን ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ብዙዎች በኀፍረት ለዓመታት ይደብቁታል። ሆኖም የዳሌ ወለል ጡንቻን በሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ በደጋፊ ቀለበት ወይም በቀዶ ሕክምና ሊታከም የሚችል ሕመም ነው። ማኅፀን ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ አራስን ከሸክም ማሳረፍ ወግ ብቻ ሳይሆን ሳይንሳዊ መሠረትም ያለው ነው።

ማገገም እንዴት?

ጉዳት ለጀግናም አይመለስም። በሰሜን ሸዋ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1964 በኦሎምፒክ ማራቶን ቢያሸንፍም፣ በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ በእግር ጉዳት ምክንያት ውድድሩን አቋርጧል። ቀነኒሳ በቀለም በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ወርቅ ካገኘ በኋላ በእግር ጉዳት ከውድድር ርቆ ቆየ፤ በ2011 በዴጉ ሲመለስም የ10,000 ሜትሩን ሩጫ አልጨረሰም። ይሁንና በ2019 የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸነፈ። ማገገም የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ እንበል፦

1. ሕመም ያለበትን ክፍል ማሳረፍ፤ ሌላውን አካል ግን በቀላል እንቅስቃሴ ማቆየት።
2. ሥራውን ወይም ልምምዱን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር። በማግሥቱ ጠዋት ሕመሙ ከበረታ ወደ ኋላ መመለስ።
3. ጠዋት ከመኝታ ሳይነሡ የልብ ትርታን መቁጠር። ከተለመደው በላይ ሆኖ ለቀናት ከዘለቀ ሰውነት ገና እንዳላረፈ ሊጠቁም ይችላል።
4. በቂ ምግብ መመገብ። በሶ፣ ቆሎና እንጀራ ስንቁን ይተካሉ፤ ባቄላ፣ አተርና ሽሮ በጾም ወቅትም ጡንቻን ለመጠገን ይረዳሉ።

በአጠቃላይ ዕረፍት የሥራ ተቃራኒ ሳይሆን የሥራ አካል ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ለራሱ ልምምድ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም ሊያውለው ይገባል። እናቱ የምትሸከመውን እንስራ ተቀብሎ መሸከም፣ የደበቀችው ሕመም ካለም ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ማበረታታት፣ ከዚህ ትምህርት የሚገኝ ትልቅ ፍሬ ነው።