አንድ ስክሪፕት ለአሥራ ሦስት ወር፦ በክላስተር ላይ ደጋግሞ የሚያገለግል ሥራ አዘገጃጀት

መግቢያ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ክላስተር ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ነገሩ የመጣው በቡድን ሥራ ነው። አንድ ጋዜጣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ስለ ኑሮ ውድነት በየወሩ ስንት ጊዜ እንደጻፈ ለማጥናት ተነሣን። ገጾቹን ስካን አድርገን፣ ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረውና አማርኛም በሚያነበው ቴሰራክት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማስነበብ ጀመርን። ላፕቶፓችን የአንድ ወር ገጾች ለመጨረስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። በዚህ ምክንያት ክላስተር ላይ እንድንሠራ ተፈቀደልን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እኛ የሠራነውን ስሕተት ሌሎች እንዳይደግሙት ማሳየት ነው።

ክላስተርና ወረፋው

ክላስተር ማለት በኔትወርክ ተያይዘው እንደ አንድ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው። ተጠቃሚው በመግቢያው ኮምፒውተር በኩል ይገባል፤ ከባድ ሥራ ግን እዚያ ላይ አይሠራም። የሚፈልገውን በስክሪፕት ጽፎ ለወረፋ አስያዡ ፕሮግራም ይሰጣል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ወረፋ አስያዥ ስለርም ይባላል፤ የተጀመረው በአሜሪካ ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። ስክሪፕቱ «ኤስባች» በሚለው ትእዛዝ ይገባል፤ ተራው ሲደርስ ክፍት የሆነ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እንዲህ ያለውን ሥራ ባች ጆብ ይሉታል። አንዴ ካስገባችሁት በኋላ አጠገቡ መቀመጥ የለባችሁም፤ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል።

ስሕተታችን

እኔ ለመስከረም ስክሪፕት ጻፍኩ። ለጥቅምት እሱኑ ገልብጬ የወሩን ስም ቀየርኩ። ለኅዳርም እንዲሁ። የወሩ ስም ሁለት ቦታ ነበር የሚገኘው፦ አንዱ ምስሎቹ የሚነበቡበት ፎልደር፣ ሌላው ውጤቱ የሚጻፍበት ፋይል። በኅዳሩ ላይ ሁለተኛውን ቀይሬ የመጀመሪያውን ረሳሁት። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? የጥቅምትን ገጾች እንደገና አንብቦ «ኅዳር» ብሎ አስቀመጠልኝ። ምንም የስሕተት መልእክት አልመጣም።

እኛም በረቂቃችን ላይ «ዋጋ እየናረ ሳለ ጋዜጣው በኅዳር ወር ዘገባውን አላሳደገም» ብለን ጻፍን። ለማቅረብ ሁለት ቀን ሲቀረን አንዷ የቡድናችን አባል ጥቅስ ለማውጣት የኅዳርን ፋይል ስትከፍት የገጹ ቀን ጥቅምት ይላል። «እንዴ!» አለች። እውነተኛውን ኅዳር ስናስነብብ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ባልሠሩት ጥፋት ባልደረቦቻችንን፣ ያውም ጋዜጠኞችን፣ ልንከስ ነበር ማለት ነው።

ስክሪፕት እንደ ፎርም

ክላስተሩን የሚቆጣጠሩት ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁና «ልጄ፣ ቀበሌ ለያንዳንዱ ባለጉዳይ አዲስ ፎርም ያትማል እንዴ? ክፍት ቦታ ትቶ አንዱን ያባዛል እንጂ» አሉኝ። ትምህርቱ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። የማይለወጠው ይታተማል፤ የሚለወጠው ግብዓት ሆኖ ከውጭ ይሰጣል። አሠራሩም የሚከተለው ነው።

1. የወሩን ስም ከስክሪፕቱ ማውጣት። ስሙ ከስክሪፕቱ ስም ቀጥሎ በትእዛዙ መስመር ላይ ይጻፋል። በስክሪፕቱ ውስጥ የዶላር ምልክትና 1 ቁጥር ($1) የመጀመሪያውን ግብዓት ይወክላሉ። የምስሉ ፎልደርም የውጤቱ ፋይልም ስማቸውን ከዚሁ ከአንዱ ግብዓት ይወስዱ። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት ያኔ ይቀራል።

2. የሀብት ጥያቄውን በራስጌው መጻፍ። ሰዓቱ፣ ሜሞሪውና የፕሮሰሰሩ ብዛት ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት መምጣት አለባቸው፤ ከዚያ በታች ከሆኑ ስለርም አያያቸውም። እነዚህ መስመሮች $1ን አይረዱም። አንድ ወር ረዘም ያለ ሰዓት ከፈለገ ሰዓቱን በትእዛዙ መስመር ላይ ጻፉት፤ በስክሪፕቱ ያለውን ይሽረዋል።

3. ብዙ ወር በአንዴ ማስገባት። ለዚህ አሬይ የሚባል ዘዴ አለ። አሥራ ሦስቱን ወሮች በአንድ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ መዘርዘርና 1-13%4 ብሎ ማዘዝ ነው። 13 ሥራዎች ይፈጠራሉ፤ በአንድ ጊዜ ግን ከ4 በላይ አይሮጡም፣ ለሌላውም ተማሪ ቦታ ይተርፋል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቁጥር ስለሚሰጠው ከዝርዝሩ የራሱን መስመር አንሥቶ ይሠራል። 3ኛው ቢበላሽ 3ን ብቻ መድገም ነው።

4. ስክሪፕቱ ራሱ እንዲጠይቅ ማድረግ። ግብዓት ካልተሰጠ $1 ባዶ ይሆናል፤ ሥራው ግን ዝም ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ግብዓቱ ባዶ ከሆነ፣ ፎልደሩ ከሌለ፣ ወይም የውጤቱ ፋይል አስቀድሞ ካለ «አልሠራም» ብሎ እንዲቆም እዘዙት። ሲጀምርም የወሩን ስምና የገጹን ብዛት መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ

ስለርም ስክሪፕቱን ገና ስታስገቡት ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ወረፋ ላይ እያለ ብታርሙት ያ ሥራ አይታረምም። የወሮቹ ዝርዝር ግን ሥራው ሲጀምር ነው የሚነበበው፤ በመሃል ከነካችሁት የአንዱ ወር ቁጥር ለሌላው ይሆናል። ወረፋው ሳያልቅ ዝርዝሩን አትንኩ።

ማጠቃለያ

ይህ ሁሉ ሲሆን ፋይል ከፍቶ ማየትን የሚተካ ነገር የለም። አሁን ከእያንዳንዱ ወር ሦስት ገጽ አውጥተን ቀኑን ከዋናው ጋዜጣ ጋር እናስተያያለን። ምንጭን ማጣራት በክፍል የተማርነው ነው፤ ኮምፒውተርም ምንጭ መሆኑን ግን እኔ የተማርኩት በኅዳር ወር ፋይል ነው።