ካንሰርን የምንቀድመው በጤናችን ጊዜ ነው

በቆላዋ ከተማችን በሳንጃ ሰው ወፈር ሲል «አማረብህ! ተመችቶሃል!» ይባላል። ከልብ የሚወጣ አድናቆት ነው። ወባ ስንቱን እንዳመነመነ ያየ ሕዝብ የሞላ ገላ ቢያስደስተው አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ወገባችን እየሰፋ ሲሄድ ለጤናችን ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይገባናል፤ ያወቀ ይቀድማልና!

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2008 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን መርምሮ፣ ከመጠን ያለፈ የሰውነት ስብ የ13 ዓይነት ካንሰሮችን አደጋ እንደሚጨምር አስታወቀ። ከእነዚህም መካከል ካረጡ በኋላ የሚመጣ የጡት ካንሰር፣ የማኅፀን ግድግዳ፣ የትልቁ አንጀት፣ የጉበት፣ የቆሽትና የኩላሊት ካንሰር ይገኙበታል። ስብ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ባረጡ ሴቶች ሰውነት ውስጥ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ያመርታል፤ የኢንሱሊንን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውነትም ውስጥ ውስጡን እንደተቆጣ እንዲቆይ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ሲደማመር ሴሎች ያለልክ እንዲራቡ መንገድ ይከፍታል።

የወፈረ ሁሉ ይታመማል፣ የቀጠነ ሁሉ ይተርፋል ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ያለምክንያት መክሳት ራሱ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምልክት ነው። ክብደት ከብዙ መንስኤዎች አንዱ ነው፤ ከመንስኤዎቹም ብዙዎቹ በእጃችን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከካንሰሮች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል ይቻላል። ሕክምናው ጎንደር፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል፤ መከላከሉ ግን ቤታችን ውስጥ ይጀመራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። እንግዲያው እንነሣ!

ተንቀሳቀሱ። ክረምቱን ሰሊጥ ሲያርም ለሚውል ገበሬ «ስፖርት ሥራ» አይባልም። ምክሩ ሱቅና ቢሮ ለምንውለው፣ ለአጭሩም መንገድ ባጃጅ ለምንጠራው ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን። የቆላው ፀሐይ ሳይበረታ፣ ገና ሲነጋ ውጡ።

ገበታችሁን አክብሩ። የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ባምያ፣ አትክልት፤ ጥሩው ምግብ ከጓዳችን አልጠፋም። በእነዚህ ምግቦች ያለው አሰር አንጀትን ይጠብቃል። የሚቀነሰው የሻዩ ስኳር፣ ለስላሳውና የወጡ ዘይት ነው።

እህላችሁን ከሻጋታ ጠብቁ። ይህ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ በማሽላ፣ በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። መርዙ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል። ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። እህሉን በደንብ አድርቃችሁ አስገቡ። የሻገተውን «ለጠላ ይሆናል» ብላችሁ አታስቀሩ፤ ላምም ከበላችው መርዙ በወተቷ ይመጣል።

ከሲጋራና ከአረቄ ራቁ። ሲጋራ የሳንባን ብቻ ሳይሆን የአፍን፣ የጉሮሮን፣ የፊኛንና የሌሎችንም ካንሰር ያመጣል። አልኮል ጉበትን፣ ጡትንና አንጀትን ጨምሮ ከሰባት ዓይነት ካንሰሮች ጋር የተያያዘ ነው። በቀነሳችሁ ቁጥር አደጋውም ይቀንሳል።

ክትባቱንና ምርመራውን ተጠቀሙ። ሕፃናት በጤና ጣቢያ የሚወስዱት ክትባት ሄፓታይተስ ቢንም ይከላከላል። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ ነው፤ መከላከያ ክትባቱም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ልጆቻችሁ እንዳያመልጣቸው! ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶችና እህቶች ደግሞ ምንም ሳያማችሁ ለዚሁ ካንሰር ተመርመሩ። ጡት ላይ እብጠት ያገኘችም ቀን አትቁጠር፤ ቶሎ የታየ የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው።

ወገኖቼ፣ አምስቱንም በአንድ ቀን ጀምሩ የሚላችሁ የለም። ለዚህ ሳምንት አንዱን ምረጡ፤ ለቤተሰባችሁም ንገሩ፤ አብራችሁ ጀምሩ። እሱ ልማድ ሲሆን ሁለተኛውን ጨምሩ። ጉልበቱም ዕድሜውም የእናንተ ነው፤ በርቱ!