ብዙ መንገድ የሄደች መኪና

ሀ. ከማንበብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቡድን ሆናችሁ ተወያዩባቸው።

1. ቤተሰቦቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ደኅንነቱን የሚያረጋግጡት በምን በምን ምልክት ነው?
2. አንድ መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር መሄዱ ብቻውን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ይሆናልን?

ለ. ምንባብ

በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነበር። እናት እንጀራ እየጋገረች ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች፤ አባት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የበኩር ልጃቸው ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቲቱ እንጀራውን በየማለዳው የምታደርሰው በኪራይ መኪና ስለ ነበር፣ ከትርፏ አብዛኛውን የሚወስደው ኪራዩ ነበር። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ለብዙ ዓመታት ቆጠቡ። በመጨረሻም የእቁቡ ዕጣ በወጣላቸው ጊዜ ገንዘቡን ከቁጠባቸው ጋር ደምረው መኪና ለመግዛት ወሰኑ።

አዲስ መኪና ግን ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል ገብተው ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ መኪናዎች ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። አባትም ልጁን አስከትሎ ያገለገሉ መኪናዎችን ወደሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሄደ።

ነጋዴው ሁለት ቶዮታ ኮሮላ መኪናዎች አሳያቸው። ሁለቱም ከኋላቸው ዕቃ ለመጫን የሚያመች ስፍራ ነበራቸው። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ታጥባና ተወልውላ ታበራለች፤ ቆጣሪዋም 87,000 ኪሎ ሜትር ብቻ መሄዷን ያመለክታል። ሁለተኛዋ ሰማያዊ ናት፤ ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዟል፤ በቆጣሪዋ ላይ የሚነበበውም 243,000 ኪሎ ሜትር ነው። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ይህች መኪና የሄደችው መንገድ ምድርን ስድስት ጊዜ ከመዞር ጋር ይተካከላል። ዋጋዋም ከነጯ በጣም ያነሰ ነበር።

«ጋሼ፣ ያችን ይተዋት፤ ጉልበቷን ጨርሳለች» አለ ነጋዴው ሰማያዊቱን እየጠቆመ። «ነጯን ይውሰዷት። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሌላ ገዥ ስለሚመጣ፣ አሁኑኑ ቀብድ ቢያስይዙ ይሻልዎታል።»

አባት የነጯ ውበት ማርኮት ስለ ነበር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ቀብድ ከሰጡ በኋላ ሐሳባችንን ብንለውጥ ገንዘቡ ይመለስልናል?» ስትል በዝግታ ጠየቀችው። አባት እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቆመ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚደነግገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጭው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አባት ይህን ያውቅ ነበር፤ የዘነጋው ስለ ቸኮለ ነው። «ነገ ጠዋት ከባለሙያ ጋር እንመለሳለን፤ ሞተሮቹን ግን ከመምጣታችን በፊት አያስነሡብን» ብሎ ነጋዴውን ተሰናበተ።

በማግሥቱ አንድ የታወቀ መካኒክ ይዘው መጡ። መካኒኩ ሥራውን የጀመረው ሞተር በመክፈት ሳይሆን የነጯን መኪና በር ከፍቶ በመመልከት ነበር።

«ጋሼ፣ ቆጣሪውን ማየት አይበቃም?» ስትል ልጅቱ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ቆጣሪ አንድ ምስክር ነው» አላት። «አንድ ምስክር ደግሞ ሊሳሳት ወይም በገንዘብ ሊደለል ይችላል። ቆጣሪን ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። በቀድሞ መኪናዎች ላይ የነበሩ ባለ አምስት አኃዝ ቆጣሪዎችም 99,999 ላይ ሲደርሱ ማንም ሳይነካቸው ወደ ዜሮ ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ሌሎቹን ምስክሮች እንጠይቅ። እስቲ የፍሬኑን ፔዳል ተመልከቺ።»

የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ይታይ ነበር። መሪው በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ የሾፌሩ ወንበርም ወደ አንድ ጎን ሰጥሟል። በበሩ ጠርዝ ሥር ከላይኛው ቀለም የተለየ ሌላ ቀለም ተገኘ፤ ይህም መኪናይቱ ምናልባት ተጋጭታ እንደ ተቀባች ያመለክታል። ሞተሩ ሲነሣም ከጭስ መውጫው ሰማያዊ ጭስ ወጣና ቶሎ ሳይጠፋ ቆየ። መካኒኩ እንዲህ ሲል አስረዳቸው፤ «ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይገልጻል። ጥቁር ቢሆን ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ቢሆን ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱን ያስጠረጥራል። ይህች መኪና በቆጣሪዋ ሰማንያ ሰባት ሺህ ትላለች፤ አካሏ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ይናገራል።»

ቀጥሎም ወደ ሰማያዊቱ አለፉ። የእርሷም ፔዳል ያለቀ ነበር፤ ነገር ግን እድሜዋን አልደበቀችም፤ ቆጣሪዋና አካሏ አንድ ቃል ይናገሩ ነበር። በውስጧ የተገኘው የጥገና ደብተር ዘይቷ በየጊዜው እንደ ተለወጠና አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ ትመላለስ እንደ ነበር ያሳያል። «በረጅም የአስፋልት መንገድ የተሄደ ኪሎ ሜትርና በከተማ መጨናነቅ የተሄደ ኪሎ ሜትር እኩል አይደሉም» አለ መካኒኩ። «በከተማ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን በየደቂቃው ይረገጣሉ። በረጅም መንገድ ግን ሞተሩ በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ሙቀት ይሠራል።»

ሞተሩ እንደ ቀዘቀዘ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የዘይቱ መክደኛ ሲከፈት ውሃ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ የሚፈጠረው ወተት መሳይ አረፋ አልታየበትም። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የእመቃ ኃይል በመሣሪያ ሲለካም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ወደ እንጦጦ ዳገት ነዷት። ዳገት የማቀዝቀዣውንና የፍሪሲዮኑን ድካም ያጋልጣል። የሙቀት መለኪያው ከመካከል አላለፈም፤ ነገር ግን በሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ እየጮኸ የመኪናይቱ ፍጥነት አልጨመረም። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። ሲመለሱ መኪናይቱን ጉድጓድ ላይ አቁመው ከሥሯ መረመሩ። ሻንሲዋ ከዝገት የጸዳ ነው፤ ሆኖም የፊት ሾክ አብሶርበሮቿ ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ የፊት ጎማዎቿም በአንድ ወገን ብቻ ተበልተዋል። የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያሽከረክረው ቺንጋ መቼ እንደ ተለወጠም ደብተሩ አይገልጽም። በመጨረሻ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ተመሳከረ፤ አንድ ሆኖ ተገኘ።

መካኒኩ መሠራት ያለበትን ሁሉ ከነዋጋው በወረቀት ላይ ዘረዘረ። ድምሩ ነጋዴው ከጠየቀው ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል ሆነ።

«ይሁን እንጂ ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው!» አለ አባት ተክዞ። «ከወር በኋላ ሞተሩ ቢወድቅ ምን ይውጠናል?»

«ዛሬ ያየሁትን እመሰክራለሁ እንጂ ለነገ ዋስ አልሆንም» ሲል መካኒኩ መለሰ። «ብዙ የሄደ መኪና መበላሸቱ አይቀርም። ጥያቄው ሲበላሽ የምታሠሩበት ገንዘብ በእጃችሁ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው ነው።»

በዚያች ሌሊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። እናት ዝርዝሩን አስነብባ ካዳመጠች በኋላ እንዲህ አለች፤ «ነጯን ብንገዛ ገንዘባችን በሙሉ ያልቃል፤ በዚያ ላይ ስለ እርሷ የተነገረን እውነት አይደለም። ሰማያዊቱ ግን ሕመሟን ነግራናለች። የጥገናው ወጪ ከዋጋዋ ከተቀነሰልንና ለክፉ ቀን የምናስቀምጠው ከተረፈን እንግዛት፤ ካልሆነ እንተዋት። ኪራይ የለመደ ሰው ጥቂት ወራት ቢታገሥ አይሞትም።»

አባት ይህንኑ ለነጋዴው ነገረው። ነጋዴው በመጀመሪያ አልቀበልም አለ። አባትም አልተከራከረም፤ አመስግኖ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው ራሱ ደውሎ ከዝርዝሩ አብዛኛውን ለመቀነስ ተስማማ። ገዥ በውሉ ጊዜ ለሚያውቀው ጉድለት ሻጩ በሕግ ዋስ ስለማይሆን፣ ቤተሰቡ ያወቀውን ጉድለት ሁሉ አስቀድሞ በዋጋው ላይ ማሰቡ ተገቢ ነበር። የቆጣሪው ንባብም በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ሰፈረ።

መኪናይቱ በቅድሚያ ጋራዥ ገብታ ፍሪሲዮኗና ቺንጋዋ ተለወጡ። ከዚያ በኋላ እናት በየማለዳው እንጀራዋን በራሷ መኪና ማድረስ ጀመረች። ቀድሞ ለኪራይ ትከፍለው ከነበረው ገንዘብ ግን ግማሹን በየሳምንቱ ለብቻው ታስቀምጣለች። «ስለ ምን ታስቀምጪያለሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ብዙ መንገድ የሄደ ሁሉ አንድ ቀን ማረፍ ይፈልጋል» ትላለች።

ሐ. የቃላት ፍች

ቀብድ፦ ውል መታሰሩን ለማረጋገጥ አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ
ሊብሬ፦ የመኪና ባለቤትነት ደብተር
ፍሪሲዮን፦ የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ የመኪና ክፍል
እመቃ፦ ተጭኖ መጠቅጠቅ
ተመሳከረ፦ አንዱ ከሌላው ጋር እየታየ ተረጋገጠ

መ. መልመጃ አንድ

ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. አባት ቀብድ ከመስጠት የታቀበው ለምንድን ነው?
2. መካኒኩ ቆጣሪን «አንድ ምስክር» ያለው ለምንድን ነው? ሌሎቹን ምስክሮች ዘርዝሩ።
3. አባት ሞተሮቹ አስቀድመው እንዳይነሡ የጠየቀው ለምን ይመስላችኋል?
4. እናት «ሕመሟን ነግራናለች» ስትል ምን ማለቷ ነው?
5. በእናት ውሳኔ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ሠ. መልመጃ ሁለት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እና «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ከምንባቡ ታሪክ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በቃል አብራሩ።

ረ. የጽሕፈት መልመጃ

ከቤተሰቦቻችሁ አንዱ ያገለገለ ዕቃ ሊገዛ አስቧል እንበል። ከመግዛቱ በፊት ሊመረምራቸው የሚገባውን ነጥቦች በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉለት።