መልክዐ ምድርን በዐራቱ ወቅት መሣል

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ጸደይ መቼ ነው? አብዛኞቻችን ሳናመነታ «መስከረም» እንላለን። ሜዳው በአደይ የሚሸፈንበት፥ ደመናው የሚገፈፍበት ወር ስለ ሆነ፥ ከውጭ ቋንቋ በተተረጐሙ መጻሕፍት ያነበብነውን የአበባ ወቅት በእርሱ ላይ እንለጥፋለን። በባሕረ ሐሳብ የተማርነው ግን ሌላ ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። እንግዲህ አደይ አበባ የሚፈነዳው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው ማለት ነው። ይህ ዕውቀት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ የዘይት ቀለም ይዞ ሜዳ ላይ ለሚቆም ወጣት የሥራ መርሐ ግብሩ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር አለ። ሥዕል ከሚሞክሩ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ብዙዎቹ መልክዐ ምድር ሣሉ ሲባሉ፥ ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ፥ ጥድና የእንጨት ጎጆ ይገለብጣሉ። ሥዕሉ ላያስከፋ ይችላል። ነገር ግን የሣለው ልጅ በረዶ አይቶ አያውቅም፤ ጥላው ለምን ወደ ግራ እንደ ወደቀ ቢጠየቅ «እዚያም እንዲሁ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። በዚህ መካከል ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት የራሳችን አገር ሳይሣል ይቀራል። ከእንጅባራ ከፍታ ወደ ጫግኒ የሚወርደው መንገድ ብቻውን በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ዐይነት አየርና ሁለት ዐይነት አረንጓዴ ያሳያል።

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ተራራና ዛፍን ለብቻቸው አለመሣላቸው እውነት ነው። ከቅዱሳኑ በስተጀርባ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ሜዳማ ቀለም ወይም ቢጫ፥ ቀይና አረንጓዴ መደብ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ሲሣሉ እንኳ ምድረ በዳው በጥቂት ምልክት ብቻ ይታወቃል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የሥዕሉ ዓላማ ቦታውን ማሳየት አልነበረምና። በዘይት ቀለም ፊት ለፊት አይቶ መሣል ወደ አገራችን በትምህርት ቤት ደረጃ የገባው ዘግይቶ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ ቺካጎ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋመ። እርሱ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የወጣ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ይጠራል።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ሠዓሊ ቀለሙን ይዞ ሜዳ መውጣት የለመደው አንድ ትንሽ ዕቃ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። ይኸውም ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 ያወጣው የቆርቆሮ ቱቦ ነው። ከዚያ በፊት ቀለም ተወቅጦና በዘይት ታሽቶ በእንስሳ ፊኛ ይቋጠር ነበር። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና 1891 በቤቱ አጠገብ ያለውን የእህል ክምር ደጋግሞ ሣለው፤ ጠዋት፥ ማታ፥ በውርጭ፥ በበረዶ። ብርሃኑ ሲለወጥ የያዘውን ሸራ አስቀምጦ ሌላ ያነሣ ነበር። ክምር መቼስ ከእኛ አገር አይጠፋም።

ስለ ዕቃው በአጭሩ እንናገር። ቱቦ ቀለም ውድ ስለ ሆነ ነጭ፥ ኦከር ቢጫ፥ ቀይ፥ ሰማያዊና ቡናማ፥ ዐምስቱ ይበቃሉ። ሸራ ካልተገኘ አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ፥ ሙጫ ተቀብቶ፥ ከደረቀ በኋላ ነጭ መደብ ይቀባል። ሙጫውን መዝለል አይገባም፤ ዘይቱ ጨርቁን በቀጥታ ከነካው በዓመታት ውስጥ ያበሰብሰዋል። ለቀለም የሚሆነው የተልባ ዘይት ነው። የኑግ ዘይት በየቤታችን ስላለ ይፈትነናል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ከመድረቁም በላይ እንደ ተልባ አይጠነክርም። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ የታችኛው ንብርብር በተርፐንታይን የቀጠነ፥ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን። ተገላቢጦሽ ከሆነ ይሰነጠቃል። አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

አሁን ወደ ወቅቶቹ እንመለስ። መጀመር ያለበት በመጸው ነው ብንል የሚቃወመን ያለ አይመስለንም። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፤ በምሥራቅ ያለው ደጋ በእጅ የሚነካ ይመስላል። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጥላው ረጅምና ሰማያዊ ነው። የኑጉ ማሳ ግን ጀማሪን ያስለቅሳል። ቢጫን ለማጨለም ጥቁር የጨመረ ሰው ቢጫው አረንጓዴ ሆኖበት ይደነግጣል። መፍትሔው ጥቁሩን ቤት መተው ነው፤ ጥላ ያለበትን ኑግ በኦከር፥ በጥቂት ቡናማና ከቀይና ከሰማያዊ በተሠራ ሐምራዊ ማጨለም ይቻላል። ደግሞም ማሳው ሁሉ እኩል ቢጫ አይደለም። ቅርቡ ብሩህ ነው፤ ሩቁ እየገረጣ ከጤፉ ጋር ይቀላቀላል። ይህን ያስተዋለ ልጅ ርቀትን መሣል ተማረ ማለት ነው፤ ማስመሪያም አላስፈለገው። በዘመነ ጽጌ ጠዋት ጠዋት ሠርቶ፥ አንዱን ማሳ ከመፍካቱ እስከ መረገፉ ድረስ በዐራት ትንንሽ ሸራ የተከተለ ሰው፥ ከቀን መቁጠሪያ ዐርባ ሥዕል ከገለበጠው የበለጠ ያውቃል።

በጋ ሌላ ትምህርት ነው። ወደ መተከል ቆላ በኩል ሣሩ ይቃጠላል፤ ጢሱና አቧራው ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል። ሰማይን ሁልጊዜ ሰማያዊ አድርገን የመቀባት ልማዳችን የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ከሰማያዊው ይልቅ ነጭና ጥቂት ኦከር ይጠይቃል፤ ኮረብታዎቹም ጠርዝ የላቸውም። ቅጠሉን ያረገፈ ኮርች ቀይ አበባውን ይዞ ሲቆም ግን ቀይ ቀለማችንን ለእርሱ ብናስቀምጥ ይገባል፤ በሥዕሉ ውስጥ ሌላ ብርቱ ቀለም አይኑር። በዚህ ወቅት ሸራው ራሱ ፀሐይ ላይ እንዳይቆም መጠንቀቅ ያሻል። ፀሐይ የመታው ቀለም ብሩህ ስለሚመስል ሳናውቀው አጨልመን እንቀላቅላለን፤ ቤት ስንገባ ሥዕሉ ጭቃ ሆኖ ይገኛል።

ጸደይ አጭርና ያልተረጋጋ ነው። የታረሰው ቀይ አፈር ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይጠቁራል፤ አዲሱ ቅጠል ወደ መዳብ ያደላል። ልብ ላለው ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ጫግኒ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፥ ከሚያዝያ 10 አካባቢ አንሥቶ እስከ ነሐሴ 18 አካባቢ ድረስ ፀሐይ በቀትር የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ የቤቱ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከአውሮፓ ሥዕል የተገለበጠ ጥላ በሰኔ ቀትር ጫግኒ ላይ ውሸት ነው።

ክረምት «ውጭ መሥራት አይቻልም» የሚባልበት ነው። ይቻላል፤ በረንዳ ወይም የቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ተጠግቶ። አረንጓዴው የሚያስቸግረው አንድ ስለሚመስል ነው፤ ነገር ግን በቆሎው፥ ባሕር ዛፉ፥ ዋርካውና ሣሩ ዐራት የተለያዩ አረንጓዴዎች ናቸው። ባሕር ዛፍ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ያደላል፤ ዋርካ ጥቂት ቀይ ካልገባበት አይከብድም፤ በቆሎ ቢጫ ይወዳል። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ለአንዱም አይሆንም። ቀለሙ በእርጥበትና በብርድ ስለሚዘገይ፥ እርጥብ ሥዕሎችን ፊት ለፊት አድርጎ በየማዕዘኑ የቡሽ ቁራጭ በመሐል ማስገባት ለመጓጓዣ ይረዳል።

ይህን ሁሉ ለምን በዚህ ዘመን እንደምናነሣ ወጣቱ ይጠይቅ ይሆናል፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በየኪሱ አለና። ፎቶግራፍ አንዲቱን ቅጽበት ይይዛል፤ ሠዓሊ ግን ሁለት ሰዓት ቆሞ ያየውን ነው የሚያስቀምጠው። ምድሩም ራሱ አይጠብቀንም። ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ለከሰል ዲከረንስ ስለ ተከለ፥ ቀድሞ በበጋ ገለባማ የነበረው ኮረብታ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። በቅርቡ ደግሞ ዛፉን ዝገት መሰል በሽታ መትቶታል፤ ኮረብታው ዳግመኛ መልኩን ሊለውጥ ነው። ከዲከረንሱ በፊት የነበረውን የኅዳር ቀለም በትክክል የሚነግረን አባቶቻችን ብቻ ናቸው፤ እነርሱም «ወርቅ ይመስል ነበር» ይላሉ። ምን ዐይነት ወርቅ? ኦከር ነው ወይስ ገለባ? ሸራ ላይ አልተቀመጠም።

ስለዚህ ሥዕሉ ሲያልቅ ፊርማው ከፊት ይሁን፤ ከጀርባው ግን በእርሳስ የቆምንበትን ቦታ፥ የተመለከትንበትን አቅጣጫ፥ ቀኑንና ሰዓቱን እንጻፍ፤ ለምሳሌ «ጫግኒ፥ ወደ ምሥራቅ፥ ጥቅምት 8፥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፤ ኑጉ ሊረገፍ ሲል» ተብሎ።