የኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪ ኮርሶችን ከመምረጥ በፊት

በልማት ሥራ ላይ የቆዩ ባለሙያዎች በኮሙኒኬሽን ጥናት ለሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል ሲያገኙ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሻል ነው። የትኞቹን ኮርሶች በምን ቅደም ተከተል መውሰድ እንደሚገባ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ አጭር ነው። አንዱ ዓመት በኮርስ፣ ሌላው በመመረቂያ ጽሑፍ ስለሚያልፍ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተዛነፈ ምርጫ የሚታወቀው ለማቃናት ጊዜ ሲጠፋ ነው።

ዕቅዱ ከኮርስ ዝርዝር ሳይሆን ከመስክ ጥያቄ ቢነሣ ይመረጣል። ለምሳሌ የእጅ ፓምፕ የተተከለለት መንደር ነዋሪዎች፣ ስለ ንጹሕ ውኃ ተምረው ሳለ ዛሬም ከወንዝ የሚቀዱ ቢሆን፣ ምክንያቱ ምንድን ነው? መልእክቱ አልደረሰም? ደርሶ አልታመነም? ወይስ የውኃ ኮሚቴው የሚያስከፍለው ገንዘብ ከዐቅም በላይ ሆኖ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥርጣሬ በተለይ ሊዘነጋ አይገባም፤ ሙያችን ችግርን ሁሉ የመረጃ እጥረት አድርጎ የማየት ልማድ አለበትና።

የንድፈ ሐሳብ ኮርስ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው ሲገቡ ነው። ካትዝና ላዛርስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጥናት፣ የብዙኃን መገናኛ ተጽዕኖ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰው የሚደርሰው በአካባቢው በሚደመጡ ሰዎች በኩል መሆኑን አመልክተዋል። በእኛ ገጠር ይህ ተደማጭ ሰው የንስሓ አባት፣ የዕድር ዳኛ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ኤቨረት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው መጽሐፍ አዲስ አሠራር በማኅበረሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት አብራራ። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ በ1976 ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የልማት አስተሳሰብ ዘመኑ እያለፈ መሆኑን ጻፈ። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬም ተማሪውን ገንዘብ እንደሚቀመጥበት ሣጥን የሚቈጥረውን የማስተማር ልማድ ነቅፏል። ሮጀርስን ብቻ አንብቦ ፍሬሬን የዘለለ ተማሪ፣ የመንደሩን ሰው ተቀባይ እንጂ ተናጋሪ አድርጎ ለማየት ይቸገራል።

የምርምር ዘዴ ኮርስ ወደ ኋላ ሊገፋ አይገባውም። ብዙዎች ስታቲስቲክስን ፈርተው የቪዲዮና የሬዲዮ ዝግጅት ኮርሶችን ያስቀድማሉ። እነዚህ የሚወደዱና የሚጠቅሙ ቢሆኑም በአጭር ሥልጠና ሊገኙ ይችላሉ፤ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ የቡድን ውይይት መምራት፣ የተሰበሰበውን ቃል መተንተን ግን በመምህር ፊት ተደጋግሞ ካልተሠራ አይለመድም። በመሆኑም የምርምር ዘዴው በመጀመሪያው ሴሚስተር ቢወሰድና የሌሎቹ ኮርሶች የቤት ሥራ በተመረጠው ጥያቄ ዙሪያ ቢጻፍ፣ የመመረቂያው ጽሑፍ የሥነ ጽሑፍ ዳሰሳ ገና ከጅምሩ ይገነባል።

ቋንቋም የዕቅዱ አካል ነው። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተካሂዶ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ከሆነ፣ ለትርጕም ብቻ ሳምንታት መመደብ አለባቸው። የመስክ ጊዜውን ከአማካሪው ጋር ሲቈርጡም የዩኒቨርሲቲውን መርሐ ግብር ብቻ አይመልከቱ፤ በሐምሌና በነሐሴ ብዙ የገጠር መንገድ ይዘጋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ገበሬው ከዐውድማ አይለይም።