ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተር መከለያ አሠራርና አያያዝ

የኩሬ ውሃ እየሳበ የጓሮ አትክልት የሚያለማ ገበሬ ሁሉ ለሞተሩ መከለያ ያስፈልገዋል። ፀሐይ ቱቦውን ያደርቀዋል፤ ዝናብ ብረቱን ያዝገዋል፤ ከመንገድ የሚታይ ንብረትም ሌባ ይጠራል። ነገር ግን ሳይታሰብበት የተሠራ መከለያ ከሌባ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. ስፍራ ስለ መምረጥ

ጎርፍ ወደ ኩሬው በሚገባበት በኩል አትሥሩ፤ ደለል የሚከማቸው በዚያ ነውና። መከለያው ኩሬው ሲሞላ ውሃው ከሚደርስበት ምልክት ከፍ ብሎ፣ ለውሃው ግን ቀርቦ ይሠራ። ሞተሩ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ስለሆነ ኃይሉ ወሰን አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው አገር የአየር ግፊት የሚያነሣው ውሃ 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲታሰብ ከውሃው እስከ ሞተሩ ያለው ቁመት ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል።

2. በጉድጓድ ስለ መደበቅ

አንዳንዶች ሞተሩን ለመሰወር ወይም ወደ ውሃው ለማቅረብ ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡታል። ይህ ፈጽሞ አይደረግ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ታውቃላችሁ። በሞተር ጭስም ውስጥ ሽታና መልክ የሌለው ያው መርዝ አለ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው። ሰው በጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ብታዩ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ሊያወጣ የገባውም አብሮ ይሞታልና። ሰው ጥሩ፤ ከላይ ሆናችሁ በገመድ ለማውጣት ሞክሩ።

3. አሠራሩ

ለትንሽ ሞተር 1.5 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ወርድ ይበቃል። ወለሉን በድንጋይና በጠጠር ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ዙሪያውን የጎርፍ ቦይ ቅደዱ። ሦስቱን ጎን በድንጋይ ወይም በእንጨትና ጭቃ ሥሩ፤ ግድግዳው ግን ከጣሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አራተኛው ጎን ሙሉውን የሚከፈት በር ይሁን። ሞተሩ ሲሠራ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፤ የጭሱ መውጫ ወደ ውጭ ይዙር፤ ማንም ውስጥ አይቀመጥ። ለመሸሸጊያ፣ ከበሩ በቀር በሌሎቹ ጎኖች አንድ ሜትር ርቆ ሰንሰል ይተከል።

4. ቱቦው

ቱቦው ከውሃው እስከ ሞተሩ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይውጣ፤ መሐሉ ከጎበጠ አየር ይቋጥራል። መገጣጠሚያው ከላላም አየር ይገባና ሞተሩ እየጮኸ ውሃ አይስብም። የቱቦውን ወንፊት ከባዶ ጀሪካን ጋር አስራችሁ አንሳፉት፤ ከውሃው ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ የኩሬውን ወለል ግን አይንካ።

5. አያያዝ

በየዕለቱ ሞተሩ ሳይነሣ ዘይቱን እዩ፤ ወንፊቱን አጽዱ። በየሳምንቱ የአየር ማጣሪያውን አራግፉ፤ አይጥ የበላው ቱቦ እንዳለም ፈትሹ። ቤንዚን በመከለያው ውስጥ አታስቀምጡ፤ ሞተሩ ሳይበርድም አትጨምሩ። ዘይት ወደ ኩሬው እንዳይወርድ ከሞተሩ ሥር አሸዋ የሞላ ሣህን አኑሩ። ክረምት ሲገባ ውሃውንና ቤንዚኑን አፍስሱ፤ የቆየ ቤንዚን ካርቡራተር ይደፍናል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ገበሬው ሞተር ከመግዛቱ በፊት ቁመቱን አብራችሁት ለኩ። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሞተር ካገኛችሁም ሌላው ምክር ይቆይ፤ አስቀድማችሁ ሞተሩን አስወጡ።